«የ20 ቀን ፈቃድ ወስጄ 4 ገጽ ብቻ ጻፍኩ»

ለተከበሩ አማካሪያችን፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ዕድሜዬ 38 ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ በአንድ የመድን ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ካገለገልኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። ከአምስት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልብ ወለዴን በራሴ ወጪ 1,000 ቅጂ አሳትሜ፣ ለወዳጅ ዘመድ ካደልኩት የተረፈው በመጻሕፍት መደብሮችና በአዟሪዎች እጅ ተሸጦ አልቋል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «ሁለተኛውስ መቼ ነው?» ብሎ የጠየቀኝን ሁሉ «ደርሷል» እያልኩ ስመልስ ኖርኩ። አልደረሰም።

አሁን የያዝኩት ከ1966 ዓ.ም. የሚጀምር የሁለት እኅትማማቾች ታሪክ ነው። አሥር ምዕራፍ ጨርሻለሁ። አሥራ አንደኛው፣ ተቀያይመው ለብዙ ዓመታት ተለያይተው የኖሩት እኅትማማቾች ፊት ለፊት የሚገናኙበት ሲሆን፣ እርሱ ላይ ከደረስኩ ስምንት ወር ሆነኝ። መጻፉ አልጠፋኝም፤ ቁጭ ማለቱ ነው ያቃተኝ። ታሪኩ ሙሉውን በጭንቅላቴ አለ፤ ፋታ የሚሰጠኝ ግን የለም።

መፍትሔ ይሆነኛል ብዬ፣ የግማሽ ዓመቱ ሒሳብ እንደተዘጋ፣ በጥር ወር የ20 ቀን የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ሦስት ሰዓት ላይ ጠረጴዛዬ ዘንድ ስቀርብ አቧራ አየሁበትና ወለወልኩት፤ ጠረጴዛው ሲጸዳ መስኮቱ አስጠላኝ፤ መስኮቱን ስጨርስ ጎረቤቴ «ቡና ፈልቷል፣ ነይ» ብላ አንኳኳች። ለአቦል ብቻ ብዬ ሄጄ በረካን ጠጥቼ ስመለስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። በማግስቱ የሰፈራችን የውኃ ፈረቃ ነበርና ጀሪካን ስሞላ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ የእድራችን አባል አረፉና ድንኳን ውስጥ ዋልን። ከዚያ ጥምቀት መጣ፤ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ሰርግ፣ ያውም በዚያ ወር ብቻ ሦስት። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ መጻፌንም አይቃወምም፤ ነገር ግን «ፈቃድ ላይ ነሽ አይደል?» እያለ የቧንቧ ሠራተኛውን የሚልከው ወደ እኔ ነው። አማቴም «ቤት ከሆንሽማ» ብለው ለሐኪም ቀጠሯቸው የሚደውሉት ለእኔ ነው።

ቤቱ ጸጥ ሲል ደግሞ ስልኬ አለ። አንድ ቀን፣ በየካቲት 1966 የታክሲ ሾፌሮች ያደረጉት አድማ በየትኛው ቀን እንደጀመረ ላጣራ ብዬ አነሣሁት፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ የማላውቃቸው ሰዎች የመልስ ድግስ ቪዲዮ ላይ ነበርኩ። የላፕቶፔ ባትሪም አርጅቶ ከ40 ደቂቃ በላይ አይቆይምና፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው አብሮ ይቆማል። ልጆቼን እንኳ ቅዳሜ ከሰዓት የሚይዝልኝ ሰው የለም፤ እኅቴ ሁለት ፌርማታ ርቃ ብትኖርም ከአባታችን ዕረፍት በኋላ አንነጋገርም።

እንዲህ እንዲህ ሲል ፈቃዴ አለቀ። የጻፍኩትን ስቆጥረው 4 ገጽ ነው፤ ከእርሱም ሁለቱን ሰርዤዋለሁ።

አሁን ሥራዬን ልልቀቅ ወይ እያልኩ ነው። ለአንድ ዓመት የሚያቆየን ጥቂት ገንዘብ አጠራቅመናል። ወይስ ደራሲነቱ ለእኔ አልተባለምና ልተወው? ይህን የምጽፍልዎ ልጆቼ ከተኙ በኋላ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ ነው፤ የእጅ ጽሑፌ ካስቸገረዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ቁጭ ማለት ያቃተኝ፣ ከጀሞ

*

ውድ እኅታችን፣

የእጅ ጽሑፍዎ አላስቸገረኝም። ደብዳቤዎ ለዓምዱ እንዲበቃ አሳጥረነው ነው እንጂ፣ ሲደርሰኝ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ የሰፈረ ስድስት ገጽ ነበር። ቀለሙም የእጅዎ አጣጣልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልተለወጠም፤ ስርዝ ድልዝም አልበዛበትም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ይህን ደብዳቤ ሲጽፉ ስንት ጊዜ ከመቀመጫዎ ተነሡ? መልሱን ለጊዜው ለራስዎ ይያዙት፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሥራው ጉዳይ ልጀምር፤ ከጠየቁኝ ሁሉ ከተወሰነ በኋላ ለመመለስ የሚያስቸግረው እርሱ ነውና። እርስዎ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ በቁጥር ብንነጋገር ይሻላል። 20 ነፃ ቀን 4 ገጽ ካስገኘ፣ በዚያው አካሄድ አንድ ሙሉ ዓመት የሚያስገኘው 73 ገጽ ገደማ ነው፤ ግማሹም ይሰረዛል። ለዚህ ሲሉ ደመወዝ ቢያጡ፣ በየወሩ እየቀነሰ የሚሄደው ቁጠባ ራሱ አዲስ ሐሳብ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ አብሮዎት የሚቀመጥ ይመስለኛል። ደግሞም ሥራ የያዘ ሰው መጻፍ አይችልም እንዳንል በዓሉ ግርማ አለ፤ የጋዜጣና የመጽሔት አዘጋጅነቱንና የማስታወቂያ ሚኒስቴር ኃላፊነቱን ይዞ ነው ልብ ወለዶቹን የጻፈው። ቶኒ ሞሪሰንም ሁለት ወንዶች ልጆቿን ለብቻዋ እያሳደገች፣ ቀን በአሳታሚ ድርጅት ውስጥ በአርታዒነት እየሠራች፣ ልጆቹ ሳይነቁ በማለዳ ትጽፍ ነበር። የእርስዎም የመጀመሪያ መጽሐፍ የተጻፈው በዚሁ መሥሪያ ቤት ሳሉ መሆኑን ከደብዳቤዎ ቀን ቆጥሬ ደርሼበታለሁ። ስለዚህ ሥራዎን ቢያንስ ይህ ምዕራፍ እስኪያልቅ ድረስ እንዳይለቁ እመክርዎታለሁ።

ጥርን መምረጥዎ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትንሽ አስቆኛል። በአገራችን ሰው ሁሉ በሚያገባበት ወር፣ ጥምቀትን መሀል አድርጎ፣ ለብቻ ለመቀመጥ መነሣት ገበያ መሀል አልጋ እንደማንጠፍ ነው። መሥሪያ ቤትዎ የሚፈቅድልዎ በዚያ ወቅት ብቻ ከሆነ አልፈርድብዎትም፤ የሚመርጡ ከሆነ ግን የሚቀጥለውን ፈቃድዎን ሁዳዴ ውስጥ ያድርጉት። 55 ቀን ሰርግ የለም፤ ድግስ የለም፤ ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያደርሱ ጎረቤቶችም ካሉዎት የቡናው ሰዓት ራሱ ወደ ከሰዓት በኋላ ይሸሻል።

ቡናውን ካነሣን፣ «ለአቦል ብቻ» የሚለውን ቃል በዚህ አገር የጠበቀ ሰው እኔ አላየሁም፤ እኔም ጠብቄው አላውቅም። ከቶና በፊት መነሣት ያስቀይማል፤ በረካን ሳይጠጡ መሄድማ ምርቃትን ትቶ እንደመሄድ ይቆጠራል። ስለዚህ ትግሉን ስኒው ላይ ሳይሆን በሩ ላይ ያድርጉት፤ ይኸውም ወይ ሙሉውን ይሂዱ፣ ወይ ጭራሽ አይሂዱ። ጎረቤትዎን አንድ ቅዳሜ ራስዎ ቡና አፍልተው ይጥሯትና፣ የጀመሩት መጽሐፍ እንዳለ፣ በየትኞቹ ቀናት መምጣት እንደማይችሉ፣ በየትኞቹ ደግሞ ደስ ብሎዎት እንደሚመጡ ይንገሯት። ምናልባት እስከ ዛሬ የምታንኳኳው ብቻዎን ተዘግተው መዋልዎ አሳዝኗት ሊሆን ይችላል። ለቅሶውን ግን አይንኩት፤ ከድንኳን ቀርቶ የተጻፈ ገጽ ለእርስዎም ደስታ አይሰጥዎትም፤ ለውኃ ፈረቃውም መሙላት እንጂ ሌላ ምክር የለኝም።

«ፈቃድ ላይ ነሽ አይደል?» የምትለዋ ንግግር ከውኃውም ከቡናውም ይልቅ ጊዜዎን የበላች ይመስለኛል። ባለቤትዎን ደግ ሰው ብለውታል፤ አምንዎታለሁ። ነገር ግን በስንት ሰዓት ተቀምጠው በስንት ሰዓት እንደሚነሡ፣ ምዕራፉ የት እንደደረሰ፣ ቢያቋርጥዎ ምን እንደሚበላሽ ነግረውት ያውቃሉ? ሰዓቱን ያልነገሩትን ሰው «ሰዓቴን ወሰደብኝ» ማለት ይከብዳል። በእርሱ ዓይን ቢሮ ያልሄደች ሚስት ነፃ ሚስት ናት፤ ይህንን የሚያስበው በክፋት ሳይሆን ሥራ ብሎ የሚያውቀው ፊርማና አለቃ ያለውን ስለሆነ ይሆናል። አንድ ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ «በሳምንት ሦስት ምሽት፣ ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ተኩል እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ በዚያ ሰዓት ስልኩንም በሩንም አንተ ያዝልኝ» ብለው በግልጽ ቢጠይቁት ምን ይላል? የአማትዎን ቀጠሮም እንዲሁ በተራ ሊይዙት ይችላሉ፤ እናትነታቸው ለእርሱ ነውና።

ምሽቱን የመረጥኩልዎ በዘፈቀደ አይደለም። በጠዋት መነሣትን እንደ ሕግ የሚነግሩን ደራሲዎች ብዙ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ የፖስታ መሥሪያ ቤት ባልደረባ ሆኖ ሳለ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ጠረጴዛው ላይ ይገኝ ነበር፤ ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ በየ15 ደቂቃው 250 ቃል ለመጻፍ ራሱን ያስገድድ ነበር፤ ቡና ይዞ ለሚቀሰቅሰው ሽማግሌ አገልጋይም ለዚሁ ሲል በዓመት 5 ፓውንድ ይጨምርለት ነበር። እርስዎ ግን የሚቀሰቅስዎት ሽማግሌ የለዎትም፤ ይልቁንም ጠዋት ላይ የሚቀሰቅሷቸው ሁለት ልጆች አሉዎት። ከትሮሎፕ የምወስድልዎ ሰዓቱን ሳይሆን ሌላ ልማዱን ነው፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ትናንት የጻፈውን በማንበብ ያሳልፍ ነበር። እርስዎ ግማሹን ግማሽ ያድርጉት፤ 15 ደቂቃ ያንብቡ፣ ከዚያ ብዕሩን ያንሡ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈዎ ሰዓት ምሽት ነበረ፤ የእርስዎ ሰዓት እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ስልኩ ረጅም ምክር አልሰጥዎትም፤ ምክሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ የሚፈጽመው ነው የጠፋው። እኔ የሠራልኝ አንድ ነገር ቢኖር ሲም ካርዱን ቁልፍ ባለው ተራ ስልክ ውስጥ አድርጎ መቀመጥ ነው፤ የታመመ ዘመድ ቢደውል ይሰማል፤ የሰው የመልስ ድግስ ግን አያሳይም። የማጣራቱን ነገር በተመለከተ፣ ገጸ ባሕርይዎ ታክሲ አጥታ በእግሯ የምትሄድበትን መንገድ ለመጻፍ አድማው የተጀመረበትን ቀን ማወቅ አያስፈልግዎትም። ቦታውን ክፍት ይተዉት፤ ጠርዙ ላይ «ይጣራ» ብለው ይለፉት። እንዲህ ያሉት ክፍት ቦታዎች አሥር አሥራ አምስት ሲሞሉ አንድ ቀን ይመድቡና ወመዘክር ሄደው የዚያን ዘመን ጋዜጦች በአንድ ጊዜ ይመልከቱ። ሒሳብ ሲዘጉ አንድ ደረሰኝ ስለጎደለ ሙሉውን መዝገብ ያቆማሉ? አይመስለኝም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ልመለስ። በዚያ ምሽት መብራት አልነበረም፤ ላፕቶፑም አልሠራም፤ ቀን ሙሉ ቢሮ ውለው፣ ልጆች አብልተው አስተኝተው ደክመው ነበር። ሆኖም ስድስት ገጽ ጻፉ። በፈቃድዎ 20 ቀናት ከጻፉት ይበልጣል። ይህን የምልዎ ላሳፍርዎ አይደለም፤ «ቁጭ ማለት አቃተኝ» ያሉኝን ከራስዎ የእጅ ጽሑፍ ጋር ሳስተያየው አልገጥም ስላለኝ ነው። ቁጭ ማለት የሚችሉ ሰው ነዎት። መቀመጥ የሚያቅትዎ፣ እንደማስበው፣ አሥራ አንደኛው ምዕራፍ ፊት ነው።

ልሳሳት እችላለሁ፤ ሆኖም ደብዳቤዎ ውስጥ በሁለት ሩቅ ቦታዎች ያስቀመጧቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሲያነቡት ጎን ለጎን ይመጣሉ። በአንደኛው፣ የሚገናኙት እኅትማማቾች ተቀያይመው የኖሩ ናቸው። በሌላኛው፣ ልጆችዎን የሚይዝልዎ ሰው ማጣትዎን ሲነግሩኝ፣ በመንገድዎ ላይ እንዳለ ድንጋይ ዘልለውት እንዳለፉ ያህል፣ ከእኅትዎ ጋር እንደማይነጋገሩ ጠቀስ አድርገው አለፉ። ልብ ወለድዎ የሕይወት ታሪክዎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ከእኅትዎ ጋር ይታረቁም አልልዎትም፤ ያንን አልጠየቁኝምና። የምጠይቅዎ ይህንን ብቻ ነው፤ ያ ምዕራፍ ሲጻፍ ታላቂቱ ምን ብላ እንደምትጀምር ያውቃሉ? መጽሐፉ ታትሞ እኅትዎ እጅ ሲገባ የትኛውን ገጽ ደግማ እንደምታነበው አስበው ፈርተው ያውቃሉ? ወይስ የሚያስፈራዎ እርሷ ሳትሆን፣ ለመጀመሪያው መጽሐፍ ማንም አልጠበቀዎትም ነበርና፣ ዛሬ «መቼ ነው?» የሚሉት ሰዎች ብዛት ነው? ሁለቱ የተለያዩ ፍርሃቶች ስለሆኑ የትኛው እንደሆነ መለየቱ ይጠቅምዎታል።

እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ እ.ኤ.አ. በ1816 ባሳተመው አንድ ግጥም መቅድም ላይ፣ በሕልሙ የመጣለትን ረጅም ግጥም እየጻፈ ሳለ ከፖርሎክ መንደር ለጉዳይ የመጣ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳቆየውና፣ ሲመለስ የቀረው ሁሉ ከአእምሮው እንደጠፋ ይነግረናል። የተረፈው 54 መስመር ነው። ያ እንግዳ በእርግጥ በሩን አንኳኩቶ እንደሆነ፣ ወይስ ግጥሙ አልቀጥል ሲለው ባለቅኔው ራሱ የፈጠረው እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚጠራጠሩ አንባቢዎች ብዙ ናቸው። የእርስዎ ጎረቤት እውነተኛ ናት፤ ቡናዋም እውነተኛ ነው። የመስኮቱን መስታወት ግን ማንም አንኳኩቶ «ወልውይኝ» አላለዎትም።

ምን ላድርግ ካሉኝ፣ በዚህ ሳምንት በመጀመሪያው ምሽትዎ ምዕራፉን አይጻፉ። ደብዳቤ ይጻፉ። ታናሺቱ ለታላቂቱ የምትጽፈው፣ መጽሐፉ ውስጥ የማይገባ፣ ማንም የማያነበው፣ በደብተር ወረቀት ላይ በእጅ የሚጻፍ ደብዳቤ ይሁን። ለማላውቅዎ ሰው ለእኔ ስድስት ገጽ እንዲህ አምርረው ከጻፉ፣ ለእርሷ የሚጽፉት የሚያጥር አይመስለኝም። በሁለተኛው ምሽት ታላቂቱ ትመልስላት። ከሁለቱ ደብዳቤዎች ውስጥ ምዕራፉ ራሱ መውጣት ከጀመረ መልካም፤ ካልወጣ ደግሞ አሥራ አንደኛውን ባዶ ትተው፣ ተገናኝተው ከተለያዩ በኋላ ያለውን አሥራ ሁለተኛውን ይጀምሩ። አንዱ ምዕራፍ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም የሚል የሒሳብ ሕግ ልብ ወለድ ላይ የለም። ላፕቶፑን ለቅዳሜ ያቆዩት፤ በእጅ የጻፉትን ገልብጠው ይተይቡበታል፤ በዚያ ጊዜ መብራት ቢጠፋም የሚጠፋው ትየባው ብቻ ነው።

ደራሲነቱን ልተው ወይ ላሉት፣ የሚተው ሰው በሻማ ስድስት ገጽ አይጽፍም ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ለአንድ ዓመት አስቀምጠውት ቢያርፉ ነውር የለበትም፤ ያን ጊዜ ግን «ደርሷል» ማለቱን ያቁሙና «አስቀምጬዋለሁ» ይበሉ፤ ለጠያቂዎችዎም ለራስዎም ይቀልዎታል።

ከአንድ ወር በኋላ እንዴት እንደሆኑ ባውቅ ደስ ይለኛል። ሲጽፉልኝ ታዲያ ሁለት መስመር ይበቃኛል፤ የቀረውን ወረቀት ለእኅትማማቾቹ ያድርጉላቸው።